ጮማ ይቅር ወይስ ዳቦ? ክብደት ለመቀነስ የሚያዋጣው የትኛው ነው

የቁም ከብት ነጋዴ ሌሊቱን መኪና ላይ፣ ቀኑን ገበያ ወይም ኬላ ላይ ያሳልፋል። የመንገዱ ምግብ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ጥብስና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ቦርጭ ሲመጣ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «ጮማና ቅቤ ተው» ይላል፤ ሌላው «ሥጋውን ብላ፣ ዳቦና ሩዙን ተው» ይላል።

ይህ ክርክር በጥናት ተፈትሿል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነ፣ የስኳር በሽታ የሌለባቸው 609 ጎልማሶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለ12 ወራት ተከታተሏቸው። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት ማለትም ዱቄት፣ ሩዝና ስኳር የቀነሱት ደግሞ 6 ኪሎ ቀነሱ። የ700 ግራሙ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። በሁለቱም ወገን ግን ከ25 ኪሎ በላይ የቀነሱ እንዳሉ ሁሉ ክብደት የጨመሩም ነበሩ። ማን በየትኛው እንደሚሳካለት የዘር ምርመራም ሆነ የኢንሱሊን ልኬት አስቀድሞ መለየት አልቻለም።

ሁለቱም ለምን ሠሩ? ምክንያቱን የሚያደልብ ሰው ያውቀዋል። አዳማ አካባቢ የቦረና ወይፈን የሚሰባው ጮማ በልቶ አይደለም። ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ሞላሰስ እየቀረበለት፣ ብዙ ሳይንቀሳቀስ፣ ከሚያቃጥለው በላይ ጉልበት ስለሚያገኝ ነው። የከብት ጨጓራ ከሰው ቢለይም ሒሳቡ አንድ ነው፤ የተረፈው ጉልበት ስብ ይሆናል። በጥናቱ ማንም ካሎሪ ቁጠር አልተባለም። ሁለቱም ቡድኖች ግን ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ አትክልት እንዲያበዙና በተቻለ መጠን ቤት የተሠራ ምግብ እንዲበሉ ተመክረው ነበር። በዚህም በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ቀነሱ።

አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ አለው። ስለዚህ ጮማውን ትቶ ዳቦና ለስላሳ የሚጨምር ሰው ያተረፈው የለም። ዳቦውን ትቶ በጮማ የሚያካክስም እንዲሁ። ሻይን ብቻ ማስላት ይበቃል፤ በቀን 8 ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር ወደ 380 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል።

በደም ውስጥ ባለው ቅባት ግን ሁለቱ መንገዶች ይለያያሉ። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት ይበልጥ ወርዶላቸዋል። ለልብ የማይበጀው የኮሌስትሮል ዓይነት ደግሞ ቅባት በቀነሱት ዘንድ የተሻለ ሆኗል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ነጋዴ ዳቦ ቢተው እንኳ ጮማውን በልክ ማድረግ አለበት።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ዳቦና ሩዝ በድንገት ማቆም የለበትም። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ መሪ ጨብጦ እያለ ከሆነ አደጋው ለሌላውም ይተርፋል።

ለሌላው ሰው የሚሻለው በመንገድም በቤትም ሳይሰለች ሊቀጥልበት የሚችለው አመጋገብ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የሻዩና የለስላሳው ስኳር ነው።