ደመወዝ የማይጠይቁ የሳሪስ አትክልተኞች

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላሉ አበው። ይሁን እንጂ በገዛ ጓሮው የምትጮኸውን ወፍ ለይቶ የሚያውቅ የሳሪስ ነዋሪ ስንት ይሆን? በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የፋብሪካውና የመኪናው ድምፅ ስለ በረታ፥ ጆሮአችን ከወፎች ዜማ ርቋል። ነገሩ የመዝናናት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በጓሮው ጎመንና ሰላጣ ለሚተክል ሰው የጥቅምም ጉዳይ ነው።

በማለዳ በጣራችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈውን፥ አፉ ረዥምና ቆልማማ የሆነውን፥ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልበትን ትልቅ ወፍ እንመልከት። ጋጋኖ የሚባለው ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። የውጭ አገር ሰዎች እርሱን ለማየት ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ፤ እኛ ግን በድንጋይ እናባርረዋለን። እርሱ በቆልማማ አፉ እርጥቡን አፈር እየወጋ ትልና ጥንዚዛ ሲለቅም ይውላል። የቀን ሠራተኛ ቢቀጠርስ ከዚህ የበለጠ ምን ይሠራል?

ጉጉትም እንዲሁ ናት። በጣራ ላይ ከጮኸች ሞት ትጠራለች እየተባለች ትገደላለች። የምትጠራው ሞት ግን የአይጥ ሞት ነው። ጉጉትን የገደለ ሰው ማግስቱን ለአይጥ መርዝ ይገዛል፤ መርዙን የበላችውን አይጥ ሌላዋ ጉጉት ስትበላ ደግሞ እርሷም ትሞታለች። እንዲህ እያልን ዘበኞቻችንን በገዛ እጃችን እንጨርሳለን።

ይህ ጥፋት በሌላም አገር ታይቷል። አሜሪካዊቷ ራሔል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ ዛፎችን ለማዳን የተረጨው ዲዲቲ ወደ አፈሩ ወርዶ በትሎቹ ሰውነት እንደ ተጠራቀመ፥ ትሎቹን የበሉት ወፎችም እንዳለቁ ገልጻለች። የእኛም ጋጋኖ የሚበላው ትል መሆኑን ያስተዋለ ሰው፥ በጎመኑ ላይ መርዝ ከመርጨቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

እርግጥ ነው፥ ወፍ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ረዥም ጭራ ያላት፥ እንደ አይጥ በቅርንጫፍ ላይ የምትሽሎከለክ ግራጫ ወፍ ሰላጣውንም ዘይቱኑንም ትቆነጥራለች። ለእርሷ መድኃኒቱ ቡቃያውን በመረብ መሸፈን እንጂ መርዝ አይደለም።

ታዲያ ጠባብ ግቢ ያለው ወጣት ምን ያድርግ? መጀመሪያ፥ ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ አይሸፍን፤ ትል የሌለበት መሬት ወፍም የለበትም። ሁለተኛ፥ በአጥሩ ሥር ሬትና ግራዋ ይትከል። ሬት ሲያብብ፥ በሳይንስ ስሟ ላይ የተከዜን ወንዝ ስም የተሸከመችው ወፍ ማሩን ልትቀስም ትመጣለች፤ ወንዱ በፀሐይ ሲታይ ሐምራዊ ሐር የለበሰ ይመስላል። ሦስተኛ፥ ድመት ከማትደርስበት ሥፍራ ጎድጎድ ባለ ሳሕን ጥቂት ውኃ ያኑር፤ ትንኝ እንዳይራባ ግን በየቀኑ ይለውጠው።

ለአገር በቀል ተክል ምክር የሚሻ ሰው የጉለሌን የእፅዋት ማዕከል ይጎብኝ። ስለ ወፎች ሊማር የሚወድም፥ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለለት። ከሁሉ የሚቀርበው መምህር ግን አንድ ደብተር ነው። ወፊቱ የመጣችበትን ቀን፥ ሰዓትና የበላችውን መጻፍ ነው። ከመስከረም በኋላ ጭራዋን እያወዛወዘች በሣር ላይ የምትራመድ ቢጫ ወፍ ያየ ሰው፥ ክረምቱን ሸሽታ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣች እንግዳ እንዳስተናገደ ይወቅ። በዚያው ወራት ከሳሪስ በስተደቡብ ባለው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር የእርሷ አገር ሰዎች በብዛት ይሰፍራሉ።

እንግዳ መቀበል የአገራችን ልማድ ነው። ለዚህች እንግዳ የሚያስፈልጋት አንድ ክንድ አፈርና አንድ ሳሕን ውኃ ብቻ ነውና፥ ይህን የሚነፍጋት የሳሪስ ሰው አይኑር።