መልእክቱና ጆሮ ጠቢው

ደብዳቤ ያለ አድራሻ አይደርስም፤ ስልክም ያለ ቁጥር አይጠራም። ሞባይልማ ባለቤቱ በየትኛው አንቴና ክልል እንዳለ ኔትወርኩ ካላወቀ ጥሪ አይገባለትም። ስለዚህ ክትትል ከውጭ መጥቶ በመገናኛ ዘዴዎች ላይ የተለጠፈ ነገር አይደለም። መሣሪያው ሥራውን ሲሠራ ዱካ ይተዋል፤ ክርክሩ ዱካውን ማን ይይዘዋል፣ ለምንስ ያውለዋል በሚለው ላይ ነው።

ክትትልን የሚያጠኑ ምሁራን ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከወህኒ ቤት ነው። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንተም በ1791 (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆቹ ናቸው) ባሳተመው ንድፍ ክፍሎቹ ክብ ሠርተው መሐላቸው የጠባቂ ማማ ይቆማል። እስረኛው አሁን እየታየ ይሁን አይሁን ስለማያውቅ ራሱን በራሱ ይጠብቃል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ በ1975 ይህን የዘመናዊ ሥልጣን ምሳሌ አደረገው። ኖርዌያዊው ቶማስ ማቲሰን ደግሞ በ1997 ጉድለቱን አሳየ፦ ፉኮ ጥቂቶች ብዙኃኑን ስለሚያዩበት ሥርዓት ሲጽፍ ብዙኃኑ ጥቂቶችን የሚያይበትን ቴሌቪዥን ዘንግቷል። ለእኔ የማቲሰን ትችት ይበልጥ ይመዝናል፤ ዛሬ ማየትና መታየት በአንድ ስልክ ላይ አብረው ይኖራሉና።

ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ ግን ታሪኩ ያስተምራል። ከ1945 እስከ 1975 ዌስተርን ዩኒየንን ጨምሮ ሦስት የአሜሪካ ኩባንያዎች ከአገሪቱ የሚወጡና ወደ አገሪቱ የሚገቡ ቴሌግራሞችን ለመንግሥት የስለላ ተቋማት ያቀብሉ ነበር። የፍርድ ቤት ፈቃድ የለም፤ ደንበኛውም አያውቅም። በሴናተር ፍራንክ ቸርች የተመራው ኮሚቴ ጉዱን ካወጣ በኋላ፣ በ1978 እንዲህ ያለው ስለላ በልዩ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲሆን ሕግ ወጣ። በ2013 የቀድሞው የስለላ ተቋም ሠራተኛ ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ምስጢራዊ ሰነዶች ታዲያ ምን አሳዩ? ያው ፍርድ ቤት አንድ የስልክ ኩባንያ የሚሊዮኖችን የጥሪ መዝገብ በየቀኑ እንዲያስረክብ ማዘዙን። የተሰጠው ንግግሩ አልነበረም፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንደደወለ ብቻ ነው። ሌሊት ለሐኪም፣ ጠዋት ለጠበቃ የደወለን ሰው ጉዳይ ለመገመት ግን ንግግሩን መስማት አያስፈልግም።

የምሥራቅ ጀርመኑ የስለላ ድርጅት ሽታዚ በ1989 ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት፤ ጆሮ ጠቢዎቹ ደግሞ ከዚያ ይበዙ ነበር። ፖስታ በእንፋሎት መክፈት የሰው ጉልበት ይፈልጋል። ይህን ወጪ ያስቀረው ንግድ ነው። በ1994 ድረ ገጾች ጎብኚያቸውን እንዲያስታውሱ የተፈጠረው ኩኪ ብዙም ሳይቆይ የማስታወቂያ ኩባንያዎች ሰውን ከገጽ ገጽ የሚከተሉበት መሣሪያ ሆነ። አሜሪካዊቷ ምሁር ሾሻና ዙቦፍ በ2019 መጽሐፏ ይህን የክትትል ካፒታሊዝም ብላዋለች። ኩባንያዎቹ ባህሪያችንን ይጠመዝዛሉ የሚለው ክርክሯ የማስታወቂያ ሻጮችን ጉራ በጥቂቱም ቢሆን ያመነ ይመስለኛል፤ መረጃ ስለ መሰብሰባቸው ግን ክርክር የለም።

ታች ያለውም ወደ ላይ ያያል። በ1991 ሮድኒ ኪንግ በሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሲደበደብ፣ በ2020 ደግሞ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ሲገደል ዓለም ያየው በተራ ሰው ካሜራ ነው።

የእኛ ሰዎችም በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። በ2013 መጨረሻ በቤልጂየምና በአሜሪካ የነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ በሠራው ሰላይ ሶፍትዌር ዒላማ መሆናቸውን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ደረሰበት። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ኮምፒውተሩ ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም ሲል ክሱን ዘጋው። በሌላ አነጋገር፣ ሰላዩ ሰው ቤት ሰብሮ ቢገባ ሊጠየቅ ይችል የነበረው መንግሥት በኢሜይል ስለገባ ነፃ ወጣ።

“በስልክ አይሆንም፣ ስንገናኝ” ማለት የለመደ ሕዝብ የግል መረጃውን የሚጠብቅ ሕግ ያገኘው ገና በቅርቡ፣ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን እሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ኩባንያዎችን ለመቅጣት ይህ ይበቃ ይሆናል፤ መንግሥትን ለመቆጣጠር ግን አይበቃም።