የሌሊት እንቅልፍ ጠዋት ላይ ይጀምራል

እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን የሚፈልጉት ምሽቱ ላይ ነው፤ በጠጡት ቡና፣ በሐሳብ ብዛት፣ በፍራሹ አለመመቸት። ነገሩ የተበላሸው ግን ጠዋት ሊሆን ይችላል።

ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ስፍራ በላይ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ 20 ሺህ ገደማ ሕዋሳት ያሏት ጥንድ ቅንጣት አለች። ባለሙያዎች ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክሊየስ ይሏታል። እንቅልፍ፣ የሰውነት ሙቀትና ሆርሞኖች ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲሄዱ የምታደርገው ይህች የሰውነት ሰዓት ናት።

ሰዓቷ ያለ ብርሃንም ትሠራለች። ፈረንሳዊው ሚሼል ሲፍር እ.ኤ.አ. በ1962 በአልፕስ ተራሮች ዋሻ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ያለ ፀሐይና ያለ ሰዓት ሲቆይ ቀን መቁጠሩ ተዛብቶበት ነበር፤ ሰውነቱ ግን ከ24 ሰዓት በጥቂቱ የሚረዝም ዑደት ጠብቋል። ችግሩ ያቺ ጥቂት ትርፍ ናት። በየቀኑ ካልተስተካከለች እንቅልፋችን ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

አስተካካዩ ብርሃን የሚገባው በዐይን ነው። ሬቲና ላይ ሜላኖፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር ያላቸው ልዩ ሕዋሳት አሉ፤ ዋና ሥራቸው የብርሃኑን መጠን ለአንጎል መንገር ነው። የሚደንቀው፣ ዐይነ ስውር ከሆኑት መካከል እነዚህ ሕዋሳት የተረፉላቸው ሰዎች መኖራቸው ነው፤ ምንም ሳያዩ ሰዓታቸው በፀሐይ ይስተካከላል። ብርሃን ጨርሶ የማይደርሳቸው ብዙዎች ግን ለተወሰኑ ሳምንታት በደህና ይተኙና ቀጥሎ ሌሊቱን ሲያፈጡ፣ ቀኑን ሲያንጎላጁ ይከርማሉ። ቤተሰብ ይህን እንደ ስንፍና ማየት የለበትም። ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

ለሌሎቻችን መፍትሔው ቀላል ነው። ጠዋት እንደ ተነሡ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆዩ፤ ደመናማ ቀን እንኳ ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ብርሃን አለው። (ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን መቁጠራችን ለዚህች ቅንጣት የተመቸ ይመስላል።) ሲመሽ ደግሞ አንጎል የእንቅልፍ መልእክተኛ የሆነውን ሜላቶኒን ማመንጨት ስለሚጀምር መብራቱን ይቀንሱ፣ ስልኩንም ያርቁ።

ሌሊት የሚሠሩ ነርሶችና ጥበቃዎች ቀን ሲተኙ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ይሸፍኑ። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ኪኒን ከመግዛትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።