ትንሽ ፓርቲ በር ሲያንኳኳ፦ የእንግሊዝ አረንጓዴዎች ወንበር ያገኙበት መንገድ

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ፖለቲካ ስንወያይ ጨዋታችን አብዛኛውን ጊዜ በፕሮግራም፣ በመግለጫና በመሪዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። የትኛው ፓርቲ ምን ብሎ ጻፈ፣ ማን ከማን ጋር ተጣመረ፣ ማንስ ከማን ተጣላ እያልን እናመሻለን። አንድ ድምፅ ከአንድ ተራ ሰው ቤት ተነስቶ እስከ ኮሮጆው ድረስ የሚጓዝበት መንገድ ግን እምብዛም አያነጋግረንም። ምናልባት ሙያዬ ምህንድስና ስለሆነ ይሆናል፣ እኔን ከማኒፌስቶ ይልቅ የሚስበኝ ይኸው መንገድ ነው። ስለዚህ በምኖርበት በእንግሊዝ አገር አንድ ትንሽ የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲ ያለ ገንዘብና ያለ ጋዜጣ ድጋፍ እንዴት የፓርላማ ወንበር እንዳገኘ ለማስረዳት እሞክራለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓርቲው በ1973 ሲቋቋም ስሙ «ፒፕል» ነበር። በ1975 «የኢኮሎጂ ፓርቲ»፣ በ1985 ደግሞ «አረንጓዴ ፓርቲ» ተባለ። በ1979 ምርጫ 53 ዕጩዎች አቀረበ። በዚያን ጊዜ ሕግ አንድ ዕጩ 150 ፓውንድ ማስያዣ ያስይዛል፤ ከተሰጠው ድምፅ አንድ ስምንተኛውን ካላገኘ ገንዘቡ ይወረሳል። የሃምሳ ሦስቱም ተወረሰ። ሂሳቡ 7,950 ፓውንድ ነው። ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን ገቡበት? መልሱ፣ 50 ዕጩ ያቀረበ ፓርቲ በቴሌቪዥን ነፃ የአየር ሰዓት ስለሚሰጠው ነው። ማስያዣው ኪሳራ ሳይሆን የማስታወቂያ ግዢ ነበር ማለት ይቻላል፤ የፓርቲው አባላት ቁጥርም ከዚያ በኋላ ከፍ ብሏል። ወንበር ግን አልተገኘም።

የበለጠ የሚያስገርመው የ1989 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ነው። አረንጓዴዎቹ በመላው ብሪታንያ ወደ 15 በመቶ ድምፅ፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ አገኙ። ያገኙት ወንበር ዜሮ ነው። ከዚያ 6 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1983፣ የምዕራብ ጀርመን አረንጓዴዎች በ5.6 በመቶ ድምፅ 27 ወንበር ይዘው ፓርላማ ገብተዋል። ውኃው ያው ውኃ ነው፣ የሚለየው ቧንቧው ነው። በጀርመን ሥርዓት 5 በመቶን የተሻገረ ፓርቲ እንደ ድምፁ መጠን ይካፈላል። በእንግሊዝ ግን በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንደኛ የወጣ ብቻ ይገባል፤ ለሁለተኛው የወደቀ ድምፅ ሁሉ የትም አይደርስም።

ይህ ነገር እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የ2015 ውጤት ያሳያል። የእንግሊዝና የዌልስ አረንጓዴዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው 1 ወንበር ሲያገኙ፣ የስኮትላንድ ብሔርተኞች በ1.45 ሚሊዮን ድምፅ 56 ወንበር ወሰዱ። ፍትሐዊ ነው አልልም፤ በበኩሌ ሥርዓቱ ሊቀየር ይገባል ባይ ነኝ። ነገር ግን ሕጉ እስኪቀየር ድረስ ትንሽ ፓርቲ ምን ያድርግ? በትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማርነው ነገር ይጠቅመናል፦ ግፊት ማለት ኃይል በስፋት ሲካፈል ነው። የሰውየው ክብደት ሳይጨምር ጠፍጣፋ ጫማ ምንጣፍ ላይ የማያሳርፈውን ምልክት ባለ ተረከዝ ጫማ ያሳርፋል። የአረንጓዴዎቹም ስልት በዚሁ ሕግ የሚሠራ ነው፤ በመቶ ከተማ ከመበተን በአንድ ሰፈር መሰብሰብ።

ብራይተን የመጀመሪያዋ ናት። በ1996 አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ተመረጠ። በ2005 የፓርላማ ምርጫ በብራይተን ፓቪልየን ክልል 22 በመቶ አግኝተው ሦስተኛ ወጡ። በ2007 የምክር ቤት አባሎቻቸው 12 ደረሱ። በ2010 ካሮላይን ሉካስ በ1,252 ድምፅ ብልጫ አሸንፈው የመጀመሪያዋ አረንጓዴ የፓርላማ አባል ሆኑ። ከመጀመሪያው የምክር ቤት ወንበር እስከ ፓርላማው 14 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ብሪስተል ደግሞ ከዚያም ቆየች። በ2006 አንድ የምክር ቤት አባል፤ በ2015ም በ2019ም ሁለተኛ፤ በመጨረሻ በ2024 ካርላ ዴንየር የሌበር ፓርቲን ታዋቂ ሰው ታንጋም ዴቦኔርን ከ10 ሺህ ድምፅ በላይ ቀድመው ገቡ። 18 ዓመት! የእኛ ድርጅቶች በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ ተሰንጥቀው ስንት ጊዜ እንደተዋሐዱ አንባቢ ራሱ ይቁጠር።

ለመሆኑ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ዋናው ነገር የመራጮች መዝገብ ነው። ፓርቲዎች መዝገቡን በሕግ የማግኘት መብት አላቸው፤ ስምና አድራሻ በየመንገዱ ተደርድሮ የተጻፈበት ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ሦስት አራት ሆነው ይወጣሉ። አንደኛው ዝርዝሩን ይዞ መሃል መንገድ ላይ ይቆምና «አንተ 14 ቁጥር፣ አንቺ 16» እያለ ያሰማራል፣ የሚመጣለትን መልስ ይመዘግባል። በሩ ሲከፈት የሚጠየቀው አጭር ነው፦ በሰፈሩ የሚያስቸግርዎ ነገር አለ? ባለፈው ማንን መረጡ? አሁንስ ማንን ያስባሉ? ለዚህ መልስ ምልክት አለው፤ ቁርጠኛ ደጋፊ፣ የሚያመነታ፣ የሌላ ፓርቲ ሰው፣ ጨርሶ የማይመርጥ።

እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች የምንቸገርበትን ነጥብ ላንሳ። በሩ ላይ የሚኬደው ለመከራከር አይደለም። የሌላ ፓርቲ ደጋፊ ሲገኝ ምልክት አድርጎ፣ አመስግኖ መሄድ ነው። አንድን ቁርጥ ያለ የወግ አጥባቂ ደጋፊ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለማሳመን 20 ደቂቃ የቆመ ቀስቃሽ፣ በዚያ ጊዜ ስድስት ሰባት የሚያመነቱ ሰዎችን ሳያገኝ ቀርቷል። ባለፉት ዓመታት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስዞር ያየሁት፣ ጎበዝ ቀስቃሽ የሚባለው ብዙ የሚያውቀው ሳይሆን ብዙ የሚያዳምጠው ነው። ይህ ለተማረ ሰው ከባድ ፈተና ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይናገር ከበር መመለስ!

ምርጫ በሌለበት ዓመትም ሥራው አይቆምም። በየጥቂት ወሩ በራሪ ወረቀት በየቤቱ ይገባል። የሚገርመው በወረቀቱ ላይ ስለ ካርቦን የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ስለ ተቦረቦረ መንገድ፣ ስላልተነሳ ቆሻሻ፣ ስለ ቀረ አውቶቡስ ነው። ዓለምን ለማዳን የተቋቋመ ፓርቲ የቆሻሻ ገንዳ ጉዳይ ሲከታተል ማየት ለአንዳንዱ መሳቂያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰው ድምፁን አደራ የሚሰጠው ትንሿን ነገር ለፈጸመለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ «እዚህ ሌበርን ማሸነፍ የሚችለው እኛ ብቻ ነን» የሚል ግራፍ አይጠፋም። የብዙዎቹ ግራፎች ልኬት እንደ መሐንዲስ ሳየው ያሳፍራል፤ 25 በመቶው ከ35 በመቶው ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ጥፋት ሁሉም ፓርቲዎች ይሠሩታል፤ አረንጓዴ ነን ማለት ከዚህ ነፃ አያወጣም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ትልልቆቹን ፓርቲዎች ለመቋቋም እንዴት ይበቃል? መልሱ ከሕጉ ውስጥ ይገኛል። በብሪታንያ አንድ ዕጩ በክልሉ ውስጥ በምርጫው የመጨረሻ ሳምንታት የሚያወጣው ገንዘብ በሕግ የተገደበ ነው፤ በ2024 በአንድ መካከለኛ የከተማ ክልል ከ20 ሺህ ፓውንድ በታች ነበር። በጎ ፈቃደኛው በነፃ የሚሰጠው ጊዜ ግን በወጪ አይቆጠርም። ገንዘቡ ጣሪያ አለው፣ እግሩ ጣሪያ የለውም። ሚሊየነር ደጋፊ ያለው ፓርቲ በዚያ ክልል ከዚያ ጣሪያ በላይ ማውጣት ሲከለከል፣ 300 ሰው የሚያሰማራ ፓርቲን የሚከለክለው የለም። በተጨማሪም እያንዳንዱ ዕጩ ለመራጮቹ አንድ ጊዜ በራሪ ወረቀት በፖስታ ቤት በነፃ የመላክ መብት አለው፤ የማሳተሚያውን ብቻ ይከፍላል።

የምርጫው ዕለት ጣቢያዎቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ናቸው። በየበሩ ላይ የፓርቲው ሰው ቆሞ የገባውን መራጭ የመዝገብ ቁጥር ይጠይቃል። ማንን እንደመረጠ መጠየቅ የለም፤ ቁጥሩንም መናገር ግዴታ አይደለም። ቁጥሮቹ በየሰዓቱ ወደ አንድ አባል ሳሎን ይላካሉ፤ ቁርጠኛ ደጋፊ ተብለው ከተመዘገቡት መካከል የመረጡት ይሰረዛሉ። ያልተሰረዙት በር እንደገና ይንኳኳል፤ «አልሄዱም እንዴ? መኪና ይምጣልዎ?» ይባላል። ለዓመታት የተሰበሰበው ምልክት ሁሉ ዋጋው የሚታየው በእነዚህ የመጨረሻ ሰዓታት ነው።

አንድ ከባድ ክርክር መዝለል አይቻልም። ለትንሽ ፓርቲ የተሰጠ ድምፅ የባሰውን ያስገባል የሚባለው። በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢያን የ2000ን ምርጫ ታስታውሳላችሁ። በፍሎሪዳ ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ ድምፅ በላይ አገኙ፤ ቡሽ ጎርን የበለጡት በ537 ነው። የኔደር መራጮች ሁሉ ወደ ጎር ይሄዱ ነበር ማለት ባይቻልም፣ ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። እኔን ያሳመነኝ መልስ፣ ክልል እየለዩ መሥራት ነው። ፓርቲው ሁለተኛ በሆነበት ክልል መቀስቀስና ማሸነፍ በማይችልበት ክልል ስም ለማስጠራት መሮጥ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወቀሳ ማሸከም ትክክል አይመስለኝም፤ ለሁለተኛው ግን ወቀሳው ይገባል።

ይህ እኛን ምን ያገባናል የሚል አይጠፋም። በለንደን ሉዊሻም ከአንድ ዋና ጎዳና አጠገብ ትኖር የነበረችው የ9 ዓመቷ ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ በ2013 በአስም ሞተች። በ2020 የሞትን ምክንያት የሚመረምረው ባለሥልጣን የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን በይፋ ወሰነ። በየከተማው የመኪና ጭስ በበዛበት መንገድ ዳር ቤት ርካሽ ስለሆነ የሚከራየው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ይሁንና ቅስቀሳ በወጣሁባቸው ቀናት ከሐበሻ ጋር የተገናኘሁት በር ከፋች ሆኖ እንጂ አንኳኪ ሆኖ አይደለም።

የሕጉ ነገርም አለ። በብሪታንያ የፓርላማ ምርጫ የኬንያ ወይም የኡጋንዳ ዜጋ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እስካለው ድረስ፣ የኮመንዌልዝ አገር ሰው በመሆኑ ይመርጣል። 10 ዓመት የኖረው ኢትዮጵያዊ ግን ዜግነት ካልወሰደ አይመርጥም። መምረጥ ያልቻለ ሰው በር ከማንኳኳት ግን የሚያግደው የለም። እንዲያውም አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ቀስቃሽ፣ እንግሊዛዊው በጎ ፈቃደኛ «ቤት ውስጥ የለም» ብሎ ምልክት ያደረገበትን በር ሊያስከፍት ይችላል።

ማሸነፍም የራሱ ዕዳ አለው። ብራይተን በ2011 በአገሪቱ የመጀመሪያው አረንጓዴ የከተማ አስተዳደር ሆነች። በ2013 ከጽዳት ሠራተኞች ጋር በደመወዝ ጉዳይ ተጋጭታ ቆሻሻው በየመንገዱ ተከመረ፤ በ2015 የምክር ቤት ወንበሮቻቸው ከግማሽ በታች ወረዱ። በዚያው ዕለት በተካሄደው የፓርላማ ምርጫ ግን ሉካስ ብልጫቸውን ወደ 8 ሺህ ገደማ አሳድገዋል። መራጩ ሁለቱን ለይቶ ፈርዷል።

ጣቢያዎቹ ከተዘጉ በኋላ ያለውን ሥራ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ኮሮጆዎቹ አንድ አዳራሽ ገብተው ወረቀቶቹ በቁጥር ሲረጋገጡ፣ የፓርቲው ታዛቢዎች ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው፣ ምንም ሳይነኩ፣ ከየጣቢያው ኮሮጆ የሚያዩትን ድምፅ በእርሳስ ይጭራሉ። ሕዝቡ አሸናፊውን ሊሰማ ቴሌቪዥን ሲጠብቅ እነሱ የትኛው ሰፈር 30 በመቶ፣ የትኛው 8 በመቶ እንደሰጣቸው ይጽፋሉ። ይፋዊው ውጤት በየጣቢያው ተከፋፍሎ ስለማይገለጽ ይህን በሌላ መንገድ ማግኘት አይቻልም። ንጋት ላይ ያቺ በእርሳስ የተጫጫረች ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ትገባለች፤ በሚቀጥለው ክረምት መጀመሪያ የትኛው መንገድ እንደሚዞር የሚወሰነውም ከእሷ ነው።