ብራቫ፦ የባሕር ዳር ከተማና የድርቅ ሰፋሪዎቿ

ብራቫ ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ አነስተኛ የሶማሊያ ከተማ ናት። ሶማሌዎች ባራዌ ይሏታል፤ ነባር ነዋሪዎቿ ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ሚኒ ብለው ይጠሯታል። በ1975 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከብታቸውን በድርቅ የጨረሱ ዘላኖች ዓሣ አስጋሪ ይሆኑ ዘንድ ከተወሰዱባቸው የጠረፍ ሥፍራዎች አንዷ ይህችው ከተማ ነበረች። ስለዚህም የሠፈራን ሥራ ለሚከታተል ሁሉ የብራቫ አቀማመጥና የሕዝቧ አኗኗር ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አንድ ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። ፊቷ ክፍት ውቅያኖስ ሲሆን፣ ከጀርባዋ ጠረፉን ተከትሎ የሚሄድ የአሸዋ ኮረብታ አለ። ከአሸዋው ማዶ የሚወርደው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው የዋቢ ሸበሌ ወንዝ ነው። ወንዙ ወደ ሞቃዲሾ ከቀረበ በኋላ በአሸዋው ታግዶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ከባሕሩ ጎን ለጎን ብዙ መንገድ ይጓዝና አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይደርስ ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። ብራቫ እንግዲህ በአንድ በኩል ጨው ውኃ፣ በሌላ በኩል የእርሻ ውኃ ያላት ከተማ ናት።

የባሕሩም ጠባይ እንደ ግጦሽ መሬት በወራት የሚለዋወጥ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ረጋ ያለ በመሆኑ ጥንት ከዓረብ አገርና ከሕንድ የሚመጡትን ባለ ሸራ መርከቦች ይዞ ይመጣ ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን፣ በኢትዮጵያ ደጋ ክረምቱ በሚከብድበት ወቅት፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ነፋስ ማዕበሉን ያስቆጣዋል። የብራቫ መልሕቅ መጣያ ጥቂት የድንጋይ ደሴቶች ብቻ የሚከልሉት ስለሆነ በእነዚህ ወራት ትንሽ ጀልባ ይዞ መውጣት አደገኛ ነው። ባሕሩ ተዘጋ የሚባለውም በዚህ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት ከደጋ የሚወርደው ዝናብ ወንዙን ስለሚሞላው፣ ከተማው ከባሕር ያጣውን ከእህል ያገኛል። የብራቫ ሰዎች ለዘመናት የኖሩት በዚህ ቅብብሎሽ ነው።

የከተማው ዕድሜ ረጅም ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብራቫ በሱልጣን ሳይሆን በሽማግሌዎች ሸንጎ ትተዳደር ነበር። በ1507 የትሪስታኦ ዳ ኩኛ የጦር መርከቦች ደርሰው ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሉ። ወታደሮቹ አምባርና ጉትቻ ለመውሰድ ሲሉ የሴቶችን እጅና ጆሮ እንደ ቆረጡ የፖርቱጋል ታሪክ ጸሐፊዎች ራሳቸው ጽፈዋል። በ1875 የግብፁ ኸዲቭ እስማኤል የላካቸው መርከቦች ብራቫን ያዙ፤ ዓመቱም ሌላው የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ ድል የሆነበት ነው። በእንግሊዝ ግፊት ብዙ ሳይቆዩ ለቅቀው ሄዱ። ከ1892 ጀምሮ የዛንዚባሩ ሱልጣን የጠረፉን ወደቦች ለኢጣልያ በኪራይ ሰጠ፤ በ1905ም ኢጣልያ ገዛቻቸው።

ነዋሪዎቹ አንድ ወገን አይደሉም። በዙሪያው ያሉት ቱኒ የተባሉት ሶማሌዎች ናቸው፤ በከተማው ውስጥ ደግሞ ሐቲሚና ቢዳ የተባሉ ነባር ቤተ ሰቦች፣ እንዲሁም ሸሪፎች ኖረዋል። የከተማው ቋንቋ ቺሚኒ ከስዋሂሊ ጋር አንድ ዘር ሲሆን፣ ስዋሂሊ ከሚነገርበት አገር ርቆ በሶማሌ ጠረፍ የቀረ ነው። ሸማኔዎቿ፣ ጫማ ሰፊዎቿና በእጅ የሚጠለፈው ቆብ ስም ነበራቸው። በ1847 የተወለዱትና የቃዲሪያን መንገድ በምሥራቅ አፍሪካ ያስፋፉት ሼክ ኡወይስ አል ባራዊም የዚሁ ከተማ ሰው ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ቡናን ከነገለፈቱ በቅቤ ወይም በሰሊጥ ዘይት ጠብሶ ማቅረብ ልማዳቸው ነው፤ የቦረና ሰው ቢያየው የራሱ ቡና ቀላ መስሎ ይታየዋል።

በ1974 እና በ1975 ሶማሌዎች ዳባዴር፣ ማለትም ባለ ረጅም ጅራቱ፣ ብለው የሰየሙት ድርቅ ደረሰ። ያው ድርቅ የኢትዮጵያን ኦጋዴንም ጎድቷል። በሶማሊያ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ በመጠለያ ጣቢያዎች ተሰበሰበ። መንግሥቱ ከእነዚህ መካከል 100 ሺህ ያህሉን በሶቪየት አውሮፕላኖችና በጭነት መኪናዎች ወደ ደቡብ አጓጓዘ። አብዛኞቹ ለእርሻ ወደ ዱጁማ፣ ወደ ሳብላሌና ወደ ኩርቱንዋሬ ሲላኩ፣ የቀሩት ብራቫን በመሰሉ የጠረፍ ቦታዎች ሰፈሩ። ጀልባ፣ መረብና የቀለብ እህል ተሰጣቸው፤ በሕብረት ሥራ ማኅበርም ተደራጁ።

አሳቡ መሠረት አልነበረውም ሊባል አይችልም። ባሕሩ በዓሣ የበለጸገ ነው፤ ሕዝቡም ከሞት መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ግመል አርቢው ዓሣ የማይበላ፣ ዓሣ አስጋሪንም ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር። መማር የሚችል ተማረ፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ይልቅ ፈጥነው ከባሕሩ ጋር ተላመዱ። ከንቀቱ ይልቅ የከበደው ሌላው ነገር ነበር። ባሕሩ በሚዘጋባቸው ወራት ሰፋሪው እንደ ነባሩ የከተማ ሰው በወንዙ ዳር እርሻ፣ በገበያም ደንበኛ፣ በቤቱም የእጅ ሙያ አልነበረውም፤ የነበረው ራሽን ነው። ሞተር ሲሰበር መለዋወጫ ይጠፋል። በኅዳር 1977 ሶማሊያ የሶቪየት ባለሙያዎችን ስታባርር ከእነርሱ የሚገኘው የዓሣ ሀብት እርዳታ ተቋረጠ። ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ ብዙ ወንዶች ወደ መንጋ ለቅቀው ሄዱ፤ ሌሎች በነዳጅ ወደበለጸጉት የዓረብ አገሮች ለሥራ ተሰደዱ። በሠፈራው ጣቢያ ቁጥሩ እየሳሳ ሄዶ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በዝተው ታዩ። ይህን ስንፍና ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ቤተ ሰቡን በሁለት ቦታ ከፍሎ ማኖር ዘላኑ በክፉ ቀን የሚያውቀው ጥበብ ነውና።

በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ደግሞ ተራው የነባሮቹ ሆነ። የነባሮቹ ቤተ ሰቦች የጦር መሣሪያም ሆነ የሚከላከልላቸው ታጣቂ ጎሣ አልነበራቸውም። ከተማዋ ከአንዱ ታጣቂ ወደ ሌላው እየተላለፈች ዝርፊያ፣ ግድያና የሴቶች መደፈር ተፈጸመባት። ብዙዎች በጀልባ ተጨናንቀው ወደ ሞምባሳ ሸሹ፤ በባሕር የሰጠሙም ነበሩ። በከተማው አካባቢ በተቋቋሙት መጠለያዎች ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ከፊሎቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ተወስደው ሰፈሩ፤ ሌሎች እንግሊዝ ገቡ። ዛሬ አብዛኛው የቺሚኒ ተናጋሪ ከብራቫ ውጭ ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ ብራቫ በአልሸባብ እጅ ወደቀች። ከመልሕቅ መጣያዋም ከየዱሩ የተቆረጠ የእንጨት ከሰል በመርከብ እየተጫነ ወጣ፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በየካቲት 1992 ሳይሆን ገና በየካቲት 2012 ነበር ይህን ንግድ ያገደው። ከዚያ በፊት፣ በሐምሌ 2011፣ ረሃብ መግባቱ በይፋ ከታወጀባቸው ሁለት አውራጃዎች አንዱ ብራቫ ያለችበት የታችኛው ሸበሌ ነበር፤ ታጣቂዎቹም ብዙ የእርዳታ ድርጅቶች እንዳይሠሩ ከልክለው ነበር። የሶማሊያ ጦርና የአፍሪካ ኅብረት ኃይል ከተማዋን የያዙት በጥቅምት 2014 ነው። ከሞምባሳና ከባሕር ማዶ ተመልሰው የአባቶቻቸውን ቤት የጠየቁ አንዳንዶች በውስጡ ሌላ ቤተ ሰብ አገኙ።