ሐረጎን የሚወርዱ ሁለት ጎማዎች

በነሐሴ ጠዋት ደሴ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት አስፋልት ርሷል። በባቲ በኩል የመጡ ከባድ መኪኖች ጥምዝምዙን እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ ከአንዱ የተንጠባጠበ ናፍጣም ዝናቡ ላይ ቀስተ ደመና ሠርቶ ተኝቷል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ ማለት ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ሞተሩንም ሰውየውንም ከአስፋልቱ ጋር የሚያገናኛቸው፣ ከፊት አንድ መዳፍ የማትሞላ፣ ከኋላም እንደዚያው የሆነች የጎማ ቁራሽ ናት።

ስለእነዚህ ሁለት ቁራሾች መጻፍ የፈለግሁት አንድ ክረምት የፊቱ ስለከዳኝ ነው። ሐረጎ ላይ፣ ብዙም ሳልሮጥ፣ ፍሬን ነካ ሳደርግ መሪው እጄ ላይ ቀለለብኝ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጉንጬን የነካውን እርጥብ ጠጠር ነው። ከተጫረ ክንድና ከተሰበረ መስታወት በቀር የደረሰብኝ ነገር የለም፤ ከኋላዬ መኪና ስላልነበረ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ተነስቼ ጎማውን ሳየው ጥርሱ ሙሉ ነበር። ለምን እንደከዳኝ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የፊትና የኋላ ጎማ ሥራቸው ለየቅል ነው። የኋላው ይገፋል፣ ይሸከማል። ካቴናው የሚያዞረው እሱን ነው፤ የተፈናጠጠ ሰው፣ ጆንያና ጀሪካንም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሰፋ፣ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። የፊቱ ይመራል፣ ያቆማል። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩም የነጂውም ክብደት ወደ ፊት ይደፋል፤ የኋላው ይቀላል፣ የፊቱ አስፋልቱን ይጫናል። ሜዳ ላይ እንኳ አጥብቆ ፍሬን የያዘን ሰው በአብዛኛው የሚያቆመው የፊት ጎማው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑ ገና ሳይነካ ክብደቱ ወደ ፊት አዘንብሏል።

የኋላውም ቢሆን ሲወርድ አያርፍም። ልምድ ያለው ነጂ ፍሬኑ እንዳይግል ሐረጎን በዝቅተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ ራሱ እየጎተተ ይይዘዋል። ይህ ጉተታ በካቴናው በኩል የሚደርሰው ለኋላው ጎማ ብቻ ነው። ሊሾ በሆነ የኋላ ጎማ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ፣ ማርሹን በድንገት የቀነሰ ሰው ጭራው ወደ ጎን ሲሸሽ ይሰማዋል። ኋላው ሲሸሽ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ፍሬኑን ለቀቅ፣ መሪውን ቀና አድርጎ መትረፍ ይቻላል። የፊቱ ሲሸሽ ለማሰብ እንኳ ጊዜ የለም። የሁለቱን ጎማ ምርጫ በሙሉ የምመዝነው በዚህ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በአካባቢያችን በብዛት ከሚታዩት ሞተሮች አንዱ ባጃጅ ቦክሰር ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን ሳይሆን የዚያው ፋብሪካ ልጅ የሆነውን ባለ ሁለት እግር ማለቴ ነው። የፊቱ ጎማ 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለቱም በኢንች። የጤናና የግብርና ሠራተኞች ገጠር ለገጠር የሚነዱት ያማሃ ዲቲ 125 ደግሞ ፊቱ 2.75-21፣ ኋላው 4.10-18 ነው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ቲቪኤስ አፓቼ፣ በሚሊ ሜትር ይጽፋሉ፤ 90/90-17 ሲል ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር፣ የጎማው ቁመት የስፋቱ 90 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ማለት ነው።

ዲቲ ላይ መሳሳት አይቻልም፤ 18 ኢንች ጎማ 21 ኢንች ቸርኬ ላይ አይገባም። ቦክሰር ላይ ግን ሁለቱም ቸርኬ 17 ስለሆነ የኋላው ጎማ ከፊት ይገባል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ጎሚስታ ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። አንድ ወጣት አዲስ የኋላ ጎማ ገዝቶ መጣና፣ አሮጌው ከኋላ ወጥቶ ከፊት እንዲገባለት ጠየቀ። “ገና ይሠራል እኮ ጋሼ፤ ለፊት ይበቃል” አለ። ጎሚስታው መልስ ሳይሰጥ የወጣውን ጎማ አቁሞ መዳፉን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በላዩ ላይ አሳለፈ። የልጁንም እጅ ይዞ እንዲሁ አሳለፈው። መሐሉ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጥፎ፣ ግራና ቀኙ ላይ ጠርዝ አውጥቷል። “አብሽር ልጄ፣ መግባቱንስ ይገባል” አለው፤ “ጥምዝምዙ ላይ ስታዘነብል ግን ይህን ጠርዝ ትወጣለህ፣ ከዚያ ትወድቃለህ።” ልጁ ጠርዙን ደጋግሞ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ፦ ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አስመራ የሚያልፈውንም መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመኪና ሠርተውታል። ይህን ያልኩት ጎሚስታው የተናገረው እውቀት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ መንገድ ጋር አብሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ስለሆነ ነው።

እውቀቱም ትክክል ነው። የኋላ ጎማ ቀጥ ባለ መንገድ ሲገፋና ሲሸከም መሐሉ ቀድሞ ይበላል። ወደ መታጠፊያ ቀስ ብሎ ለማዘንበል ግን የፊት ጎማ ክብ መሆን አለበት። ሌላም አለ። ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ይታተማል። የኋላው ጎማ የተሠራው የሞተሩን ግፊት እንዲችል ነው፤ የፊቱን የሚፈትነው ግን በተቃራኒው የሚጎትተው ፍሬን ነው። ለሁለቱም ቦታ እንዲሆኑ የተሠሩ ጎማዎች በዚህ ምክንያት ለፊት አንድ፣ ለኋላ በተቃራኒው የሚያመለክት ሌላ ቀስት ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ላይ 3.00 ከ2.75 ስለሚወፍር የሞተሩን አፍንጫ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ያነሣዋል፤ ከጭቃ መከላከያው ጋር ያለው ክፍተት ይጠብና ክረምት ላይ ጭቃ ይጠቀጥቀዋል። የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ ከፊት እግር የሚነሣ ከሆነም ቁጥሩ ከእውነተኛው ፍጥነት በ2 በመቶ ያህል ያንሳል።

የተገላቢጦሹም አለ። የፊቱን ጎማ ከኋላ የሚያስገባ ሰው ሸክሙን ይረሳል። ከመጠኑ ቀጥሎ የምትገኘው ቁጥር ከነፊደሏ፣ ለምሳሌ 41ፒ ወይም 50ፒ፣ ጎማው የሚችለውን ክብደትና ፍጥነት ትናገራለች። 41 ማለት 145 ኪሎ ነው፣ 50 ማለት 190 ኪሎ፤ ፒ ደግሞ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር። ሰው አፈናጦ ሐረጎን ለሚወጣ ሞተር የ45 ኪሎው ልዩነት ቀላል አይደለም። ለግርማ ሞገስ ብሎ ከኋላ ከልክ በላይ ሰፊ ጎማ ማስገባትም አልወደውም። በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ተጨምቆ ይጎብጣል፣ ካቴናውን ይፍቃል፣ ጭራውን ያነሣል፤ ጭራው ሲነሣ የፊቱ ሹካ ቀጥ ብሎ ይቆምና መሪው ይቅበጠበጣል።

ስለ ጥርሱ ብዙ ክርክር እሰማለሁ። ለአስፋልት የተሠራ የፊት ጎማ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን የሚዞሩ ረጃጅም መስመሮች አሉት፤ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዙት እነሱ ናቸው። የኋላው ለመግፋት እንዲመቸው አግድም የተቆራረጠ ነው። ሁለቱ ስለማይመሳሰሉ አልተስማሙም ማለት አይደለም፤ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የማይስማማው ለጭቃ የተሠራ፣ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ጎማ ከፊት፣ የአስፋልት ጎማ ከኋላ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ የፊት ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው፤ ጥምዝምዙ ላይ ጥርሶቹ ይታጠፋሉ፣ ፊቱ ከኋላው ቀድሞ ይሸሻል። ከአስፋልት ወጥቶ ገጠር ቀበሌ ለሚደርስ፣ ማታ ደግሞ በሐረጎ ለሚመለስ ሰው የምመክረው መካከለኛ ጥርስ ያለው፣ ለፒስታም ለአስፋልትም የሚሆን ጎማ ነው፤ ከፊትም ከኋላም፣ የሚቻል ከሆነ ከአንድ ፋብሪካ። ትልልቅ ሞተር ያላቸው ደግሞ ራዲያል ጎማን ክሮቹ በሰያፍ ከተደረቡበት ጎማ ጋር አይቀላቅሉ፤ በተለይ ራዲያሉን ከፊት፣ ሰያፉን ከኋላ በፍጹም።

ከመነዳሪው የቸርኬውን ቁጥር መከተል አለበት። የ18 ከመነዳሪ 17 ጎማ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ እየተፋተገ ሐረጎ መሐል ላይ ይፈነዳል። ንፋሱን በተመለከተ ብዙ የባጃጅ ሞተሮች መመሪያ ለፊት 25፣ ለኋላ ብቻውን ለሚነዳ 28፣ ለሚያፈናጥጥ 32 ፓውንድ ያህል ይላል። ኮምቦልቻ የተነፋ ጎማ ደሴ ሲደርስ ይወጠራል የሚሉ አሉ። እውነት አለው፤ ከፍታው ወደ አንድ ፓውንድ ይጨምርበታል፣ የደሴ ብርድ ደግሞ ግማሽ ያህሉን መልሶ ይወስድበታል። የሚያሳስበው ይህ ሳይሆን ሳይታወቅ በሳምንታት የሚወጣው ንፋስ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ጠዋት ይለካ።

ወደ ውድቀቴ ልመለስ። የኋላ ጎማ ከፊቱ በብዙ ፈጥኖ ያልቃል። እኔ የኋላውን ሁለት ጊዜ ቀይሬ የፊቱን እንዳለ ትቼው ነበር፤ ጥርሱ ስላላለቀ ጤነኛ መሰለኝ። ላስቲክ ግን ሳይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና ጊዜ ያደርቁታል፣ የደረቀ ላስቲክ እርጥብ አስፋልት አይይዝም። እድሜው የት እንደተጻፈ ያሳየኝ አንድ ጎሚስታ ነው። ጎኑ ላይ ከዲ.ኦ.ቲ. ፊደላት በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ አራት አኃዝ አለ። 2218 ካለ በ2018 ሃያ ሁለተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዘመኑ ግን የፈረንጅ ነው! መጨረሻው 18 መሆኑን አይቶ በእኛ አቆጣጠር 2018 መስሎት ትኩስ ጎማ ገዛሁ የሚል ሰው የያዘው በግንቦት 2010 ዓ.ም. የተሠራ ጎማ ነው። የጎማ ፋብሪካዎች አምስት ዓመት የሞላውን በየዓመቱ ማስመርመር፣ አሥር ዓመት የሞላውን ጥርሱ ቢኖረውም መጣል እንደሚገባ ይመክራሉ። የእኔ የፊት ጎማ አሥርን አልፎ ነበር።

እንግዲህ ጎማ ሊገዙ ሲሄዱ የሞተሩን መመሪያ ቁጥር በወረቀት ይዘው ይሂዱ። የአሮጌውን ጎማ ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ ከእርስዎ በፊት የነዳው ሰው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። መጠኑን፣ የሸክም ቁጥሩን፣ አራቱን አኃዞችና ቀስቱን ገንዘብ ሳይከፍሉ ያንብቡ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልተቻለ በመጀመሪያ የፊቱን እድሜ ይመልከቱ፤ የኋላው ጥርስ ሲያልቅ ራሱ ይናገራል፣ የፊቱ ግን ዝም ብሎ ነው የሚያረጀው። አዲስ ጎማ ሲገባ ላዩ ገና ለስላሳና አዳላጭ ነው። የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ሐረጎ ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብለው ይጨርሱት።

ዛሬ ማታ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ይበሉና የፊቱን ጎማ በስልክዎ መብራት ያንብቡ። አሥር ዓመት ከሞላው ነገ ሐረጎን በታክሲ ይውረዱ።