የመሰኪያው ምላስ

አናሎግ ኮምፒውተር ዛሬ እጃችን ላይ እንዳሉት ማሽኖች ዜሮና አንድ አይቆጥርም። ቁጥሩን በቮልቴጅ ይወክለዋል፤ አንዱ ማጉያ ይደምራል፣ ሌላው ያባዛል፣ ካፓሲተር የተገጠመለት ደግሞ በጊዜ እየቆጠረ ያጠራቅማል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን እንቅስቃሴና የሮኬት ጉዞ የሚጠናው በዚህ ማሽን ነበር። ሂዝኪት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ደንበኛው ቤቱ ውስጥ ራሱ የሚገጣጥመውን ባለ ዘጠኝ ማጉያ ኢሲ-1 ይሸጥ ነበር። ስለ ማሽኑ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል። እኔን የሚያስደስተኝ ከፊቱ ሰሌዳ ላይ የተንጠለጠለው ገመድ ነው፤ ከገመዱም ጫፉ፣ መሰኪያው።

ፕሮግራሙ ያለው እዚያ ነው። የዚህን ማጉያ መውጫ ከዚያኛው መግቢያ ጋር በገመድ ስታገናኝ ቀመሩን ጻፍክ ማለት ነው። ገመዱን ከነቀልክ ቀመሩ ጠፋ። የድሮ ስልክ ማዞሪያ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም፤ ኦፕሬተሯ ገመድ ስባ ቀዳዳ ውስጥ ስትሰካ ሁለት ሰዎች ይገናኙ ነበር። ልዩነቱ ማዞሪያው ላይ መስመሩ ከተቋረጠ ደዋዩ “ሃሎ! ሃሎ!” ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ እንዲህ አይጮህም።

ስለ መሰኪያ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ስህተት የሚሆነው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። አሮጌ ማሽን ይዞ የቀረ ሰው ተተኪ መሰኪያ ሲያሠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ከንጹሕ መዳብ ይሁንልኝ” ብሎ ነው። መዳብ ከናስ የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፣ እውነትም ነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን አይጠቅምም። 4 ሚሊሜትር ውፍረትና 2 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የናስ ዘንግ የሚያሳየው ተቃውሞ ወደ 0.0001 ኦም ነው። መዳብ ብታደርገው ወደ ሩቡ ይወርዳል። በማሽኑ ውስጥ ያሉት ሬዚስተሮች ግን ከአሥር ሺህ እስከ ሚሊዮን ኦም ናቸው! ያተረፍከው ነገር ከመጤፍ አይቆጠርም።

ችግሩ ያለው መሰኪያው ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር በሚነካካበት ቦታ ነው። ሁለት ብረቶች ለዓይን ሙሉ በሙሉ የተገጠሙ ቢመስሉም የሚነካኩት በጥቂት ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ነው። እነዚህን ነጥቦች አጥብቆ የሚይዛቸው፣ በተሰካ ቁጥርም ዝገቱን ፍቆ የሚያነሳው ስፕሪንጉ ነው፤ እኔ ምላስ የምለው። መዳብ ደግሞ ለምላስነት አይሆንም፤ ለስላሳ ነው። የወርቅ ቅብም ቢሆን ዝገት ይከላከላል እንጂ የላላ ምላስ አያጠብቅም።

ምላሱ ለቅጽበት ቢለቅስ? ማጉያው ላይ ያለው የግብረ መልስ ገመድ ከሆነ የተላቀቀው፣ ማጉያው ወዲያው ከልኩ ያልፋል፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ይበራል፤ ታየዋለህ፣ ታስተካክለዋለህ። ክፉው የአጠራቃሚው መግቢያ ነው። ±10 ቮልት በሚሠራ ማሽን ላይ፣ በአሥር እጥፍ የሚያጠራቅም ማጉያ 1 ቮልት እየገባለት ነው እንበል። ውጤቱ በየሰከንዱ 10 ቮልት ይሄዳል። መሰኪያው ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢለቅ 1 ቮልት ጎደለ፤ የማሽኑ ልክ አንድ አሥረኛ። ከዚያ በኋላ መሰኪያው ተመልሶ ቢይዝም ጉድለቱ አይመለስም፤ አጠራቃሚ የገባውን እንጂ ሊገባ የነበረውን አያውቅም። መብራት አይበራም፣ ውጤቱን የሚያሳየው መስመር ያምራል፣ መልሱ ውሸት ነው።

እንግዲህ ማን ይሥራው? ቃሊቲ ሲባል ሰው የሚያስበው ማረሚያ ቤቱን ብቻ ነው። አካባቢው ግን የፋብሪካና የጋራዥ ሰፈር ነው፤ ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ቶርኖ ቤት አይጠፋም። እኔ የምሄድባቸው ጋሼ ከማረሚያ ቤቱ ብዙ ሳይርቁ አንድ አሮጌ ቶርኖ ይዘው ይሠራሉ። የመኪና ቡሽ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። 4 ሚሊሜትር ዘንግ ሳሳያቸው “ይሄ ለልጅ መጫወቻ ነው?” አሉኝ። አብሮኝ የነበረው የአንድ አናሎግ ኮምፒውተር ባለቤት ስለ መዳብ ሲያነሳባቸው ግን ቁራጭ የመዳብ ሽቦ አንስተው አጠፉና አሳዩት፤ “በል አሁን መልሰው። መዳብ ከታጠፈ ታጠፈ ነው፣ ልጄ።”

ዘንጉን ከናስ ይቀርጹታል፤ ከ4 ሚሊሜትር በጥቂቱ ያነሰ። ከዚያ በቀጭን መጋዝ ወደ ርዝመቱ አንድ ቦይ ያወጡለታል። ምላሱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ከድሮ የስልክ መሣሪያ የተፈታ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ) ካገኘህ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ዝርግ ብረቶች ብዙ ጊዜ የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ ናቸው፤ ሲያጠፏቸው ይመለሳሉ። መርካቶ ሚናለሽ ተራ ትዕግሥት ላለው ሰው የማይገኝ የለም። ዝርግ ብረቱ በጠባቡ ይቆረጥና እንደ ቀስት ጎብጦ ቦዩ ውስጥ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር። የምላሱ አንዱ ጫፍ ይታሰራል፣ ሌላው ነጻ ይሆናል። መሰኪያው ሲገባ ቀስቱ ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀ ቀስት ደግሞ ይረዝማል፤ የሚሄድበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱንም ጫፍ ያሰረ ሠራተኛ የሠራው ጉብታ ነው፣ ስፕሪንግ አይደለም። መጀመሪያ ቀን አጥብቆ ይይዛል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ጥቂት ጊዜ ከተሰካና ከተነቀለ በኋላ ተደፍጥጦ ይቀራል። ጋሼ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ነው ያወቁት፤ የመኪና ባሌስትራ ሲጠግኑ አይተውታል።

ናሱንም መምረጥ ያስፈልጋል። የቧንቧ ራስ የሚሠራበት ናስ ብዙ ጊዜ እርሳስ ስላለበት ቶርኖ ላይ ቆንጆ ሆኖ ይቆረጣል። ለዘንጉ ጥሩ ነው፤ ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃልና ምላስ አታድርገው። ለምላስ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የቤሪሊየምና የመዳብ ቅይጥ ነው፤ እሱን ያገኘ ሰው ግን በሞረድ አይፈቅፍቀው፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ገመዱን ለማያያዝም የጋዝ እሳት የሚለቁበት አሉ። እሳት በቅዝቃዜ የጠነከረን ናስ ያለሰልሰዋል፤ የቀረጽከውን መሰኪያ ጠግነኸው ሳይሆን ገድለኸው ተነሳህ። በጎን በትንሽ ብሎን ማሰር ይሻላል።

ተጠቃሚዎችንም ልውቀስ። መሰኪያ የሚነቀለው እጀታውን ይዞ እንጂ ገመዱን ጎትቶ አይደለም፤ ሽቦው ከላስቲኩ ውስጥ ይበጠሳል፣ ከውጭ ግን አይታይም። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ገመድ የሚያቀያይሩ ሰዎችም አይገቡኝም። በተለይ የቫኩም ቱቦ ያለባቸው ማሽኖች እስከ ±100 ቮልት ይይዛሉ፤ ራቁቱን የወጣ የናስ ጫፍ ያን ሁሉ ተሸክሞ እጅህ ላይ ነው። ስለዚህ ጋሼ ከሚቀርጹት ዘንግ በላይ እጀታው ረዘም ይበል፣ ላስቲኩም እስከ ቦዩ መነሻ ድረስ ይውረድ።

የተሠራውን ለመፈተሽ መልቲሜትር ኦም ላይ አድርገህ ሰክተህ አንብብ ይሉሃል። አይበቃም፤ ቆሞ ያለ መሰኪያ ሁሉ ጥሩ ነው። የ1 ቮልት ቋሚ ቮልቴጅ በመሰኪያው በኩል ወደ አጠራቃሚው ስጠውና መስመሩ ሲወጣ ገመዱን በጣትህ ነካ ነካ አድርገው። መስመሩ ላይ ደረጃ የመሰለ ስብራት ካየህ ምላሱ ለቅቋል፤ ወደ ቃሊቲ መልሰው።